ጠፋ የተባለው ብረት

አስተርጓሚዋ የመጣችው በስልክ ነበር። ነርሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ድምፁን ከፍ ስታደርገው፣ ከየት ከተማ እንደሆነ የማይታወቅ የሴት ድምፅ፣ «ጤና ይስጥልኝ፤ የዛሬ አስተርጓሚዎ ነኝ። የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርዎታለሁ» አለ። ፀሐይነሽ ከወንበሯ ብድግ ብላ ለስልኩ እጅ ነሳች።

ሐኪም ዘንድ ያለ ልጇ ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እስከዛሬ የሚያመጣትም የሚያስተረጉምላትም ማኑ ነበር። ማኑ ግን በዚያ ሳምንት ሰሜን ነው፤ ነዳጁን ከአሸዋ ከሚለዩበት ካምፕ። ነዳጅ እሳት በሆነበት በዚያ ዘመን ካልጋሪ ውስጥ ወንድ ልጅ ያሳደገ ቤት የወሩን ግማሽ ያለ ልጅ ነበር የሚያሳልፈው። ቀጠሮውን እንድትሰርዝ በስልክ ነግሯት ነበር። «እኔ ስመጣ ሪስኬጁል እናደርጋለን እማ» ብሎ። እሷ ግን ሐኪም ማስቀረት ነውር መስሎ ስለታያት በባቡሩ ብቻዋን መጣች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፊቱ ሁሉ ሳቅ። ተናገረና ወደ ስልኩ አየ። አስተርጓሚዋ ተከተለች።

«ዶክተሩ በጣም ደስ ብሎናል ይላሉ። በልብዎ የደም ሥር ውስጥ ያስገባነው የማግኒዚየም ስቴንት እንደታሰበው ሙሉ በሙሉ ሟሙቷል። የደም ሥሩም በደንብ ክፍት ነው።»

«አሜን» አለች ፀሐይነሽ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እንደታሰበው ማለት?»

ስልኩ ጠየቀ፣ ሐኪሙ መለሰ፣ ስልኩ ተናገረ።

«ብረቱ የተሠራው እንዲሟሟ ነው። የተዘጋውን የደም ሥር ከፍቶ ይይዘዋል፤ ሥሩ ሲድንና በራሱ መቆም ሲችል ብረቱ ቀስ በቀስ እየሟሟ ያልቃል። ገና በጥናት ላይ ያለ አዲስ ዓይነት ነው። ይህ ጥናቱ ሲጀመር በልጅዎ በኩል ተነግሮዎት ፈርመዋል።»

ፀሐይነሽ መፈረሟን ታስታውሳለች። ደረቷን ወግቷት በአምቡላንስ ከገባች በኋላ ነበር፤ ማኑ ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ሁሉ ላይ ስሟን ጽፋለች። ያን ጊዜ የነገራት፣ «ሥሩን ትንሽ ይጠርጉልሻል፣ ትንሽ ብረት ያደርጉልሻል፣ አታስቢ» ብሎ ብቻ ነው። ጥናት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ይሟሟል የሚልም አልወጣም።

«ጥናት ላይ መሆኔን እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

አስተርጓሚዋ ይህንንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች። የሐኪሙ ሳቅ ጠፋ። ልጅዎ ሁሉንም እንደነገርዎት አረጋግጦልን ነበር፣ ይቅርታ፣ አለ። ፀሐይነሽ ግን ይቅርታውን አልሰማችውም። ሐሳቧ ሌላ ሰው ላይ ሄዷል።

«የሁሉም ሰው ብረት ይሟሟል?»

«አይሟሟም። የተለመደው ብረት ዕድሜ ልክ ይኖራል።»

«የማይሟሟው ያለበት ሰው ክኒኑን ቢተውስ? የገባለት በበጋው፣ ከተማው በጎርፍ በተጥለቀለቀ ሰሞን ነው። ክኒኑን ከተወ ሳምንታት ሆኖታል።»

ሐኪሙ ወንበሩን ሳበና ቀረበ። ሲናገር ፈጠን አለ፤ አስተርጓሚዋም ፈጠነች። «ያ ሰው ዛሬውኑ ክኒኑን መጀመር፣ ሐኪሙ ዘንድም መደወል አለበት ይላሉ። ደሙ ብረቱ ላይ ሊረጋ ይችላል። ከረጋ ልቡ ይቆማል። ዛሬውኑ የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው ያሉት።»

*

የጋሼ ካሣዬን ክኒን ያስተወችው ራሷ ፀሐይነሽ ናት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በማሽን ከታየች በኋላ፣ ሐኪሙ እየሳቀ አንድ ነገር ተናገረ፤ ማኑ ዞር ብሎ፣ «እማ፣ ብረቱ የለም ይላሉ። ጠፍቷል» አላት። እሷ «ኢየሱስ!» ብላ ጮኸች። ሐኪሙም ሳቀ፣ ማኑም ሳቀ።

ጉባኤያቸው በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ የፈረንጆቹን ቤተ ክርስቲያን ከሰዓት በኋላ ተከራይቶ ነው የሚሰበሰበው። ከዝማሬው በኋላ የምስክርነት ጊዜ አለ፤ እግዚአብሔር የሠራለት ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ይናገራል። ፀሐይነሽ ዓመታት ስትኖር አንድ ቀን ወጥታ አታውቅም። የዚያን እሁድ ወጣች። «በልቤ ውስጥ ብረት ነበረ» አለች። «ዶክተሮች ፈልገው አጡት። ጌታ ወሰደው።» ቤቱ ተናወጠ። ሥራ ፍለጋ ከቶሮንቶ በቅርብ የመጡት ወጣቶች ሳይቀሩ በእግራቸው ቆሙ። ማኑ ኪቦርዱ ላይ ነበር፤ «ጌታ ወሰደው» ስትል ከፍ ያለ፣ የድል የሚመስል ሙዚቃ ከሥሯ አስነሣላት።

ጋሼ ካሣዬ በሚቀጥለው ሳምንት በአዳራሹ በር ላይ ያዛት። የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ትልቅ፣ በጉባኤው ሁሉ የሚከበር ሰው ነው። እሱም በበጋው ልቡን አሞት ብረት ገብቶለታል። «ፀሐይዬ፣ በአንቺ ምስክርነት እኔም ክኒኑን ትቼዋለሁ» አላት። «ለአንቺ ያደረገ ለእኔ ይከለክላል እንዴ?» እሷም እጁን ይዛ እልል አለች።

*

ዌስትዊንድስ ጣቢያ ወርዳ፣ በረዶ እየዘነበባት፣ ለማኑ ደወለችለት።

«የእኔ ብረት ምንድን ነው?»

«ምን አልሽ እማ? ኔትወርኩ ብሬክ እያደረገ ነው...»

«ኔትወርክ አትበለኝ! ማግኒዚየም ነው። እንዲሟሟ የተሠራ ነው። አንተ ታውቃለህ።»

 ከማኑ ጀርባ የሰው ጫጫታና የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ ምሳ ላይ ናቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ሐኪሜ! ሌላ ማን ሊነግረኝ ይገባ ነበር?»

«እማ፣ ሊስን። ሪሰርች ነው ብልሽ ትፈሪ ነበር። ስትሬስ ለልብሽ ጥሩ አይደለም ብዬ ነው። አባዬም እኮ ከነገሩት በኋላ ነው...»

«አባትህ የሞተው በካንሰር ነው። ስለተነገረው አይደለም።»

«አገራችንም እኮ እንደዚህ ነው፣ ለታመመ ሰው ዝም ብሎ አይነገርም...»

«እኔ ታምሜ ነበር እንጂ ሕፃን አልሆንኩም። ደግሞ ያን ጊዜስ ይሁን፣ ፈርተህ ነው ልበል። መድረክ ላይ ስቆምስ? እዚያው ተቀምጠህ ነበር። ውሸት ስናገር አንተ በሙዚቃ አጀብከኝ!»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አለ ማኑ፤ ድምፁ ወረደ። «እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ቆሟል፣ አንቺ ታለቅሻለሽ። ምን ላድርግ? ስቶፕ ልበል?»

«አዎ፣ ስቶፕ በል! እንግሊዝኛውን ምን ልታደርግበት ነው የተማርከው?»

አጠገቧ ቆሞ አውቶቡስ የሚጠብቅ አንድ ሰው ዞር ብሎ አያት። እሷ ስለ ጋሼ ካሣዬ ለልጇ ነገረችው። «ኦ ማይ ጋድ» አለ ማኑ። «ክኒኑን ትተውታል? አላወቅኩም እማ፣ እውነቴን ነው። እኔ ልደውልላቸው?»

«አንተ? ስትነግረኝ የኖርከውን እያወቅኩ አንተን ልላክ? እኔ ያመጣሁትን እኔው እወስደዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋችበት። በሕይወቷ ልጇ ላይ ስልክ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው፤ አላዘነችም።

*

የጋሼ ካሣዬ ቤት እዚያው ካስልሪጅ ሰፈር፣ ከእሷ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ስትደርስ ታክሲው ላይ የተኛውን በረዶ በመጥረጊያ እየጠረገ ነበር። ሚስቱ ተናኘወርቅ በር ላይ ነጠላዋን ተጠቅልላ ቆማለች።

ፀሐይነሽ ሳትቀመጥ፣ ሻይ ሳትጠጣ፣ የሰማችውን ነገረችው። የእሷ ብረት እንዲሟሟ የተሠራ ነው፤ የእሱ አይሟሟም። ዛሬውኑ ክኒኑን ይጀምር፣ ለሐኪሙም ይደውል።

ጋሼ ካሣዬ መጀመሪያ ሳቀ። «እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው ሲፈወስ ሰይጣን ዝም አይልም።»

«ጋሼ፣ ያናገረኝ ሰይጣን አይደለም። የልብ ሐኪም ነው።»

«እና ጌታ አልሠራም ነው የምትይኝ?»

«ጌታ አልሠራም አላልኩም። ብረቱ ማግኒዚየም ነው አልኩ።»

«ትላንትና እልል ያልሽልኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ ፈረንጅ አንድ ቃል ሲልሽ ተገለበጥሽ።» መጥረጊያውን ወደ መኪናው ውስጥ ወረወረው። «ፓስተር ይንገረኝ። ፓስተር ማትያስ፣ ካሣዬ ክኒንህን ዋጥ ካለኝ እውጣለሁ። አንቺ ግን አትንገሪኝ፤ አንቺ ሁለት አፍ ነው ያለሽ።»

ተናኘወርቅ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። ዙሪያዋን አይታ ጠጋ አለች። «ክኒኑን ሰልቄ በሽሮው ውስጥ ላደርግለት አስቤ ነበር» አለች በሹክሹክታ።

«እንዳታደርጊው!» አለች ፀሐይነሽ፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «እኔንም እንደዚሁ ነው ያደረጉኝ። ለእኔ ብለው፣ ሳይጠይቁኝ። እሱም የራሱን ልብ ነገር አውቆ ነው መዋጥ ያለበት።»

*

የፓስተር ማትያስ ቤት ከካልጋሪ ወጣ ብሎ ኤርድሪ ነው፤ በሳምንቱ ቀናት ግን ዳውንታውን አንድ የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ሒሳብ ይሠራል። ለእራት ጊዜ የለኝም፣ ምሳ ሰዓት ይምጡ አላት። በማግስቱ ፎቆቹን በሚያገናኘው የመስተዋት ድልድይ ላይ ተገናኙ። ከሥራቸው ባቡሩ በሰባተኛ ጎዳና ያልፋል፤ በአጠገባቸው የቢሮ ሰዎች አንገታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለው ቡናቸውን ይዘው ይጣደፋሉ። እሱም አንጠልጥሏል።

ሲያዳምጣት በትዕግሥት ነበር። እንዲያውም አልተገረመም፤ ይህ ነው ከሁሉ በላይ ያቃጠላት።

«ገምቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እንደዚህ ዓይነት ስቴንት እንዳለ የሆነ ቦታ አንብቤያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እትዬ ፀሐይነሽ፣ ጥበብን ለሐኪሞቹ የሰጣቸው ማን ነው? እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ምስክርነቱ ውሸት አይባልም። ቪዲዮው አዲስ አበባ ደርሷል፤ ስንት የታመመ ሰው ተጽናንቶበታል። አሁን ቆመን፣ አይ፣ ማግኒዚየም ነበር ብንል የደከመው ሰው ምን ይሆናል?»

«የደከመው ሰው ክኒኑን ይውጣል!»

ሁለት ሴቶች ዞረው አዩአቸው። ፓስተሩ ፈገግ ብሎ እጁን በትከሻዋ ላይ አሳረፈ። «ለወንድም ካሣዬ እኔ እደውልላቸዋለሁ። በዝግታ፣ በፍቅር። ለጉባኤው ማወጅ ግን አያስፈልግም። ሰው ይሰናከላል።»

«ዛሬ ይደውሉላቸው።»

«ዛሬ እደውላለሁ» አለና ሰዓቱን አየ። ስብሰባ ነበረበት።

ቃሉን ጠብቆ ደወለ። ቅዳሜ ጠዋት ተናኘወርቅ የነገረቻት እንዲህ ነው፦ ፓስተር ስለ እምነት ተናገረ፣ ረጅም ጸሎት ጸለየ፣ መጨረሻ ላይ፣ «እንግዲህ ሐኪምዎን ማማከሩም አይከፋም» አለ። ጋሼ ካሣዬ ስልኩን ሲያስቀምጥ ደስ ብሎት ነበር። «ይኸው፣ ፓስተር ባረከኝ» አለ።

«የክኒኑን ነገር አላነሡም?» አለች ፀሐይነሽ።

«ክኒን የሚል ቃል አልወጣም።»

ፀሐይነሽ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቤቷን አጸዳች። የጸዳውን መልሳ አጸዳች። ልጇ እውነቱን አልተናገረም፤ ፓስተሩም አልተናገረም፤ ሁሉም ለሰው ስሜት እየተጠነቀቀ ነው። አንድ ሰው ግን በዚህ ጥንቃቄ መሐል ታክሲ እየነዳ፣ ደም መቼ እንደሚረጋበት የማይታወቅ ብረት በልቡ ይዞ፣ ኤርፖርት ይመላለሳል።

*

እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጇን አወጣች። መሪው ወጣት ደስ ብሎት፣ «እህታችን ፀሐይነሽ ደግሞ ሌላ ነገር አላት፣ ሃሌ ሉያ!» አለ። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» አለ። ፓስተር ማትያስ ፊት ወንበር ላይ ቀና ሲል አየችው። ማኑ የሌለበትን ኪቦርድ ሌላ ልጅ ይዞታል።

ማይኩን ያዘች። 

«በቀደም እዚህ ቆሜ ብረቱ ጠፋ አልኩ» አለች። «እውነት ነው፣ ጠፍቷል።»

«አሜን!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«የጠፋው እንዲጠፋ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ማግኒዚየም ይባላል። ሐኪሞቹ ገና ሲያስገቡት እንደሚሟሟ ያውቁ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር፤ የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ዝም አሉ።»

የቀረው አሜን ጎሮሮ ውስጥ ቀረ። ኪቦርዱ ላይ ያለው ልጅ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ይሁን ልማድ ሆኖበት ለስላሳ ነገር መጫወት ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ እባክህ አትጫወት» አለች ዞር ብላ። ልጁ እጁን አነሣ። «እኔ ስመሰክር ሙዚቃ ነበረ። ዛሬ ያለ ሙዚቃ ስሙኝ። ለሌላው ሰው የሚገባለት ብረት እንደ እኔ አይሟሟም። ከሰውየው ጋር ይኖራል። ክኒኑ ደም እንዳይረጋበት ነው። በእኔ ቃል ክኒኑን የተወ ካለ ዛሬውኑ ይጀምር፣ ለሐኪሙ ይደውል።» ቆም አለች። ስሙን ላለመጥራት ወስና ነበር የመጣችው። ነገር ግን ጋሼ ካሣዬ በሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ነገሩ ለሌላ ሰው እንደሚነገር ሁሉ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሲያዳምጥ አየችው። «ጋሼ ካሣዬ፣ ለእርስዎ ነው የምናገረው።»

አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ። ትልቅ ሰው፣ በሰው ፊት፣ በስሙ።

ፓስተር ማትያስ ተነሥቶ እጁን ለማይኩ ዘረጋ። «እህታችን ዛሬ ትንሽ ስሜታዊ ሆናለች፤ በጸሎት እንደግፋት...»

«ስሜታዊ አይደለሁም» አለች ፀሐይነሽ በማይኩ። «ተቆጥቻለሁ። በስልክ ክኒን ማለት ስላቃተዎት ነው እዚህ የቆምኩት።»

ማይኩን በእጁ ሰጠችው፣ ወርዳም ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረችው ሴት ቦርሳዋን አንሥታ ሌላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። መዝሙር ተጀመረ። ጋሼ ካሣዬ መዝሙሩ ሳያልቅ ወጣ።

*

መኪና ማቆሚያው በትልልቅ ፒክአፕ ተሞልቷል። የጋሼ ካሣዬ ታክሲ ሞተሩ ተነሥቶ በጭሱ ውስጥ ቆሟል። ፀሐይነሽ ኮቷን ሳትቆልፍ ወደ መስኮቱ ሄደች። ተናኘወርቅ ከጎኑ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ቦርሳዋን አጥብቃ ይዛለች።

መስኮቱ ዝቅ አለ። ፊቱ ቀልቷል።

«አዋረድሽኝ» አለ።

«አዎን» አለች።

«በልጆች ፊት። ትላንት በመጡ ልጆች ፊት። ካሣዬ ለእርስዎ ነው ብለሽ! ዕድሜዬን ሙሉ እንደዛሬ ተዋርጄ አላውቅም።»

«አውቃለሁ፤ ቤትዎ መጥቼ ስነግርዎ ግን አልሰሙኝም።»

«ይቅርታ እንኳን አትይም?»

ፀሐይነሽ አሰበችበት። «ለመጀመሪያው ምስክርነቴ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ለዛሬው አልጠይቅም።»

ጋሼ ካሣዬ መሪውን በመዳፉ መታው። ጥሩምባው ሳይታሰብ ጮኸ፤ ከአዳራሹ የሚወጡት ሰዎች ዞረው አዩ። የመኪናው መጥረጊያ በረዶ የሌለበትን መስተዋት ወዲያና ወዲህ ይጠርጋል።

«ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለ። የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ እሱን መስማቱ ከስድቡ ይልቅ ከበዳት። «ያንን ነገር ከሰውነቴ ውስጥ አውጥቶልኛል ብዬ... ጠዋት ጠዋት ደረቴን ስዳብስ ቀሎኝ ነበር። የእኔም አሁን ጠፍቷል ብዬ ነበር የማስበው።»

«የእርስዎ አይሟሟም፣ ጋሼ።»

ወደ ሚስቱ ሳይዞር እጁን ዘረጋ። ተናኘወርቅ ቦርሳዋን ከፍታ ሁለት የክኒን ጠርሙሶች አወጣች፤ ከቤት ይዛቸው መጥታ ነበር። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ በመዳፉ ላይ ጣለችለት። ከጠዋት ጀምሮ የቀዘቀዘ ቡና ከመኪናው ኩባያ መያዣ ላይ አነሣና ፊቱን አጨማድዶ በአንድ ጊዜ ዋጣቸው። ወደ ፀሐይነሽ ሳይሆን ወደ ፊት ለፊቱ በረዶ ነበር የሚያየው።

«ሐኪሙ ዘንድ አሁኑኑ ደውይ» አለቻት ፀሐይነሽ ለተናኘወርቅ። «ስንት ሳምንት እንደተወው ሳትደብቂ ንገሪያቸው።»

«እደውላለሁ» አለች ተናኘወርቅ፤ ስልኳን አውጥታለች።

«ሁለተኛ ቤቴ እንዳትመጪ» አለ ጋሼ ካሣዬ።

«እሺ።»

መስኮቱን ግማሽ ድረስ ዘጋው። ከዚያ መልሶ ዝቅ አደረገው።

«እስከ መቼ ነው የእኔ የሚቆየው?»

«ሁልጊዜ ነው ያሉኝ።»

«ሁልጊዜ» አለ እሱም፣ መራራ ነገር እንደቀመሰ ሰው። መስኮቱን ዘግቶ ነዳ።